ታጋቿ ድናለች፣ ተጠርጣሪው ወድቋል፣ ቀጣዩ ተልዕኮ ግን አልተከፈተም፦ የፌርፋክስ ቤት የጉዳይ ጥናት

ስዋት 4 በሚባለው የፖሊስ ልዩ ኃይል ጨዋታ ተልዕኮን ማጠናቀቅ ብቻውን የሚያስገኘው ከ100 ነጥብ 40 ነው። መካከለኛው የክብደት ደረጃ ቀጣዩን ተልዕኮ ለመክፈት 50 ነጥብ ይጠይቃል፤ ከባዱ 75፣ ከሁሉም በላይ ያለው «ኤሊት» ደግሞ 95። ምንም ነጥብ የማይጠይቀው ቀላሉ ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋታው «ተልዕኮው ተጠናቋል» ብሎ ካበሠረ በኋላም ተጫዋቹ ባለበት ቆሞ ሊቀር ይችላል። ይህ ጽሑፍ እንዲያ ቆሞ የቀረን አንድ ተጫዋች ይመለከታል። የቆመው ሁለተኛው ተልዕኮ ላይ፣ በፌርፋክስ መኖሪያ ቤት ነው፤ የመረጠው ደረጃም ከባዱ።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሠራው ኢራሽናል ጌምስ ነው፤ በ1999 ከሉኪንግ ግላስ ጋር ሆኖ ሲስተም ሾክ 2ን፣ በ2007 ደግሞ ባዮሾክን ያወጣው ስቱዲዮ። ስዋት 4 በ2005 ለገበያ ሲቀርብ 13 ተልዕኮዎች ነበሩት፤ በ2006 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ሌሎች 7 ጨመረበት። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ሲየራ ከሚባለው ኩባንያ የፖሊስ ጨዋታዎች ነው። ከእነዚያ አንዱ፣ በ1993 የወጣው፣ የቀድሞውን የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ የዳሪል ጌትስን ስም ይዞ ነበር የቀረበው። ጌትስ ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ የደበደቡት ፖሊሶች በነጻ መለቀቃቸውን ተከትሎ በ1992 በተነሣው ብጥብጥ ማግሥት ከሥልጣኑ የለቀቀ ሰው ነው። በአንድ ወቅት የእሱን ስም የያዘው ተከታታይ ውሎ አድሮ ያለ አግባብ ለተተኮሰች ለእያንዳንዷ ጥይት ነጥብ የሚቀንስ ጨዋታ መውለዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ተጫዋቹ የእህቴ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ካውንተር ስትራይክ በሚባለው ፈጣን የተኩስ ጨዋታ ያደገ፣ ዓይኑም እጁም ፈጣን የሆነ ልጅ። የመጀመሪያውን ተልዕኮ፣ ታጋቾች ያሉበትን ምግብ ቤት፣ በመካከለኛው ደረጃ እንደ ምንም አልፎ ሁለተኛው ላይ ደረጃውን ከፍ አደረገ። ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ እየገባ መውጣት ሆነ ሥራው።

«ጋሼ፣ ልጅቷን አዳንኳት፤ ሰውየውንም ጣልኩት። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። በአብዛኞቹ የተኩስ ጨዋታዎች ይህ ድል ነውና። የቀረበትን ለማየት ግን መጀመሪያ ቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የፌርፋክስ ተልዕኮ ከመጀመሪያው በዓይነቱ የተለየ ነው። ፖሊስ የሚሄደው የድረሱልኝ ጥሪ ሰምቶ ሳይሆን የእስር ማዘዣ ይዞ ነው። ወጣት ሴቶች ጠፍተዋል፤ ጥርጣሬው ሎሬንስ ፌርፋክስ በሚባል፣ ከእናቱ ከግላዲስ ጋር በሚኖር ሰው ላይ አርፏል። በቅርቡ የጠፋችው ሜሊንዳ ክላይን በሕይወት ልትገኝ ትችላለች የሚል ተስፋ አለ። ቤቱ ያረጀና በዕቃ የታጨቀ ነው። ወደ ምድር ቤቱ ሲወረድ የነገሩ ክፋት ይገለጣል፤ ግድግዳው ላይ ከሰዎች ፊት በጀሶ የተቀዱ ጭምብሎች ተሰቅለዋል። ጨዋታው ስለ እነርሱ ብዙ አያስረዳም፣ ተጫዋቹም ማብራሪያ አያሻውም። በብዙ ጨዋታ ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር ዘሎ ፊት ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፤ እዚህ ግን የሚያስፈራው ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ነው።

ለጉዳይ ጥናት ግን ይህን ቤት የመረጥኩት ለአስፈሪነቱ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ያለው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ ሲቪሎቹም እናቲቱና ሜሊንዳ ናቸው። በሌሎቹ ተልዕኮዎች ብዙ የታጠቁ ሰዎችና ብዙ ሲቪሎች ስለሚቀላቀሉ ነጥቡ የት እንደ ጠፋ ለመለየት ያስቸግራል። እዚህ ግን ሦስት ሰው ብቻ ስላለ ስሕተቱ መደበቂያ የለውም።

የማጠቃለያ ሰንጠረዡን አንድ ላይ ከፍተን አየነው። ልጁ ሰንጠረዡን አንድም ቀን አንብቦት አያውቅም፤ ዓይኑ በቀጥታ ወደ ድምሩ ይሄድና ከ75 በታች መሆኑን ሲያይ «ድገም» የሚለውን ይጫናል። ሰንጠረዡ ግን ክሱን በዝርዝር ጽፎታል። ከሁሉም የከበደው ያለ አግባብ ገዳይ ኃይል መጠቀም የሚለው ነበር።

«ሽጉጥ ይዞ ነበር እኮ!» አለ።

ይዞ ነበር፤ ግን አላነጣጠረም። የስዋት 4 ሕግ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፦ ተጠርጣሪ መታጠቁ ብቻውን ለመተኮስ ፈቃድ አይሰጥም። በአንተ፣ በባልደረባህ ወይም በሲቪል ላይ መሣሪያውን ማዞር አለበት። ሎሬንስ በኮሪደሩ መጨረሻ ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ ወደ ሌላ ክፍል ሲያመራ ነበር ልጁ የመታው። ለካውንተር ስትራይክ ተጫዋች ይህ የተሰጠ ዕድል ነው፤ ጀርባውን የሰጠ ጠላት። በዚህ ጨዋታ ግን ወንጀል ነው። ያ ብቻ አይደለም፤ አተኳኮሱ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ተጠርጣሪው ከሞተ ሁሉንም በሕይወት ለማምጣት የተመደበው ነጥብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ያቺ አንድ ተኩስ ሁለት ጊዜ አስከፍላዋለች።

የቀረው ዝርክርክነት ነበር። እናቲቱን አስሯታል፤ ለማዘዣ ጣቢያው ግን ሪፖርት አላደረገም። በካቴና ከታሰረው ሰው ፊት ቆሞ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚጠበቀው፤ መሪው በሬዲዮ ያሳውቃል፣ ጣቢያውም ይቀበላል። የሎሬንስ ሽጉጥ ወለሉ ላይ እንደወደቀ ቀርቷል፤ ማስረጃ ነው፣ መነሣት አለበት። ሜሊንዳንም እንዳገኛት «ተጠናቋል» የሚለውን የሬዲዮ ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ወጥቷል። ብዙ ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያ ድምፅ ዓላማዎቹ መሟላታቸውን ነው የሚናገረው እንጂ ሥራው ማለቁን አይደለም። ከዚያ በኋላ ተረጋግቶ ቤቱን መዞር፣ የወደቀ መሣሪያ ማንሣት፣ ያልተነገረለትን ሰው ማሳወቅ ይቻላል፤ የሚያሯሩጥ ሰዓት የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኛው ልጅ ደግሞ አፍሶ ሳይለቅም ነበር የሚወጣው።

ሌላም ነገር ነበር፣ እኔ ያልጠበቅኩት። በአንዱ ሙከራ ምድር ቤት ወርዶ ሜሊንዳን ካገኛት በኋላ ቆሞ ያያታል እንጂ አይነካትም። ለምን እንደማያስራት ስጠይቀው «ተጎጂዋን እኔ ላስራት?» አለኝ። በጨዋታው ሲቪልም ይታሰራል። ማን ማን እንደሆነ ከቤቱ ውጭ ነው የሚጣራው፤ ቤቱ ውስጥ እያለ ሁሉም ሰው እጁ በካቴና ገብቶ፣ ሪፖርት ተደርጎበት፣ በቦታው እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ ለልጁ ከጭምብሎቹም በላይ ከብዶት ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ሥርዓቱ ይገባኛል እንጂ ወድጄው አላውቅም፤ ጨለማ ውስጥ ታግታ የቆየች ሴት መጀመሪያ የምታገኘው ነገር ካቴና መሆኑ ይከብዳል። ግን ካላሰራት ሲቪሎችን የማዳኑ ዓላማ አይሟላም፤ ጨዋታው በዚህ አይደራደርም።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የተለወጠው የመጀመሪያው ነገር መሣሪያው ነው። ልጁ ሁልጊዜ የሚይዘው ኤም 4 ጠመንጃ ነበር፣ ያውም ሙሉ ሽፋን ባለው ጥይት። በስዋት 4 የጥይት ዓይነት ይመረጣል፤ ሙሉ ሽፋን ያለው ጥይት የጥይት መከላከያ ለለበሰ ሰው ይሆናል፣ ነገር ግን ሥጋንም ስስ ግድግዳንም በስቶ ያልፋል። ጫፉ ክፍት የሆነው ደግሞ መከላከያ ያልለበሰ ሰው ላይ ይበረታል፣ ብዙም አያልፍም። አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ባለበትና ታጋች የት እንዳለች በማይታወቅበት ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚበሳ ጥይት ይዞ መግባት ጤነኝነት አይደለም። እኛ ግን ከሁለቱም ወጣን። ከረጢት መሰል ጥይት የሚተኩሰውን፣ ሰው የሚያደማ ሳይሆን የሚያንበረክክ ጠመንጃ ያዘ፤ በጎኑ የበርበሬ ርጭት፣ የብልጭታ ቦምብ፣ በር ሳይሰብር ቁልፍ የሚከፍት መሣሪያና ከበር ሥር ሾልኮ የሚያይ ኦፕቲዋንድ የሚባል ካሜራ። እውነተኛ ጥይት ያለው ሽጉጥ ለክፉ ቀን ወገቡ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ለውጥ ፍጥነቱ ነበር፣ እሱም ከመሣሪያው ይልቅ አስቸግሮታል። መሪው ብቻውን አይደለም፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ ተብለው የተከፈሉ አራት ባልደረቦች ይከተሉታል። ልጁ እስከዚያ ድረስ እነርሱን እንደ ጥላ ነበር የሚያያቸው፤ ከኋላ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ መንገድ ይዘጋሉ። አሁን ግን ማንኛውም በር ፊት ሲደርስ ይቆማል። ኦፕቲዋንዱን ከበሩ ሥር ያስገባል። በስክሪኑ ላይ የወለሉ ቆሻሻ፣ የወንበር እግር፣ የጋዜጣ ክምር ከታች ወደ ላይ ይታያል፤ እግር ካለ ይታያል፣ እግር ከሌለም በበሩ ጎን የተደበቀ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ትእዛዝ ይሰጣል፦ ክፈቱ፣ ብልጭታ ወርውሩ፣ ግቡ። ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚኬደው ይህኛው ከጸዳ በኋላ ነው። ከኋላ የቀረ ያልታየ በር ካለ በሽብልቅ ይታገዳል፤ ሰው በጀርባ እንዳይመጣ።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ካርታውን በመሸምደድ ማሸነፍ ስለማይቻል ነው። በተልዕኮ መሃል ማስቀመጥ የለም፤ ከወደቅክ ከደጃፉ ትጀምራለህ። ስትጀምር ደግሞ ሰዎቹ ባለፈው በነበሩበት ላይገኙ ይችላሉ። ሎሬንስን በአንዱ ሙከራ ያገኘኸው ቦታ በሌላው ባዶ ነው። ካርታ መሸምደድ ለለመደ ሰው ይህ ያበሳጫል፤ ለእኔ ግን የጨዋታው ትልቁ ብልሃት ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ከሙከራ ወደ ሙከራ አብሮህ የሚሻገረው አሠራርህ ብቻ ነው።

ጥሩ ነጥብ ያመጣበት ሙከራ እንዲህ ሄደ። የታችኛው ፎቅ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ እናቲቱ ተገኘች፣ ጮኸች፣ ለትእዛዝ እጅ አልሰጠችም። ሲቪል እምቢ ሲል መተኮስ አይደለም መፍትሔው፤ መጮህ፣ መጠበቅ፣ ደግሞ መጮህ ነው። ካልሆነም ርጭቱ አለ። ልጁ ርጭቱን ለማውጣት ፈጥኖ እጁን ላከ፣ ግን ጠበቀ፣ በሁለተኛው ጩኸት ተንበረከከች። አሰራት፣ ሪፖርት አደረገ። ሪፖርቱን ሲያደርግ «አንድ» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ፤ ሦስት መድረስ እንዳለበት አውቋል።

ሎሬንስ ሽጉጡን ይዞ ከአንድ ክፍል ወጣ። ልጁ ጮኸበት። እዚህ ላይ ስለ ጨዋታው አሠራር አንድ ነገር መባል አለበት፦ ተጠርጣሪዎቹ ወኔ የሚባል የማይታይ መለኪያ አላቸው። የብልጭታ ቦምብ፣ ጋዝ፣ በድንገት የሚከፈት በር፣ ፊት ለፊት የተደረደረ ቡድን ወኔውን ያወርደዋል፤ ሲወርድ መሣሪያውን የመጣሉ ዕድል ይጨምራል። ጩኸቱ ብቻውን አልበቃም። ሎሬንስ አመነታ፣ ሽጉጡን ማንሣት ጀመረ፤ በዚህ ቅጽበት እውነተኛ ጥይት ቢተኮስ ሕጋዊ ነበር። የተተኮሰው ግን የከረጢቱ ጥይት ነው። ሰውየው ታጥፎ ተንገዳገደ፤ በሁለተኛው ጩኸት ሽጉጡ ወደቀ። ካቴና፣ ሪፖርት፣ ከወለሉ ላይ ማስረጃ። «ሁለት።»

ወደ ምድር ቤት ወርዶ ሜሊንዳን ሲያገኝ እንደገና ጥቂት አመነታ። ከዚያ አሰራትና ሪፖርት አደረገ። «ተጠናቋል» ሲባል አልወጣም፤ ዞር ዞር ብሎ የቀረ ነገር ካለ ፈተሸ። ድምሩ ከ75 በላይ ወጣ፣ ሦስተኛው ተልዕኮም ተከፈተ።

አቋራጭ እንዳለ መደበቅ አልፈልግም። ደረጃውን ወደ ቀላሉ ዝቅ ማድረግ በሩን ያለ ምንም ነጥብ ይከፍታል። ከዚያም ባለፈ የተከፈቱት ተልዕኮዎች ብዛት በኮምፒውተሩ ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚቀመጥ ቁጥሩን የለወጡ ተጫዋቾች ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይከፍታሉ። ጨዋታውን ከዓመታት በፊት ጨርሶ ኮምፒውተር ለቀየረ ሰው ይህ አይነቀፍም። ለአዲስ ተጫዋች ግን አያዋጣውም፤ በኋላ ያሉት ተልዕኮዎች የሚመዝኑት ፌርፋክስ ቤት ውስጥ የሚለመደውን ነገር ነው፣ በብዙ እጥፍ። ልጁም ሐሳቡን አንሥቶልኝ ነበር፤ ለሁለተኛው ተልዕኮ ፋይል መነካካት ሽንፈት መስሎ ስለታየው ተወው እንጂ እኔ አልከለከልኩትም።

በቅርቡ የመጡት የዚሁ ዘር ጨዋታዎችም ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። በዲሴምበር 2021 ገና ሳያልቅ ለተጫዋቾች የቀረበው፣ በዲሴምበር 2023 ደግሞ ሙሉው የወጣው የቮይድ ኢንተራክቲቭ ሬዲ ኦር ኖት በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይመዝናል፤ ከፍተኛውን ፊደል የሚፈልግ ተጠርጣሪዎቹን በሕይወት ማምጣት አለበት። እዚያ አንዳንዱ ተጠርጣሪ እጅ የሰጠ መስሎ መሣሪያ ይመዛል፣ ስለዚህ የተንበረከከ ሰው እንኳ አያስተማምንም። የስዋት 4ን ያህል በሰንጠረዥ ግልጽ ሆኖ የሚከስ ግን አላየሁም። ለመማር የድሮው ይሻላል ብዬ ነው የማምነው፤ መልኩ ማርጀቱን አልክድም።

ልጁ አሁን በሦስተኛው ላይ ነው፤ ችግሩም ተለውጧል። አሁን የታጠቁት ብዙ ናቸው፣ እሱም በሁሉም በር ፊት መገኘት አይችልም። እሱ በከረጢት ጥይት አንዱን ሲያንበረክክ ቀዩ ቡድን በሌላው በር ገብቶ ሌላውን በእውነተኛ ጥይት ይጥለዋል። በሕጉ መሠረት ነው የሚተኩሱት፣ ቅጣት የለውም፤ ነገር ግን ሁሉንም በሕይወት የማምጣቱ ነጥብ ይጎድላል። ትናንት ማታ የቀዮቹን መሣሪያ ከፍቶ አንድ በአንድ ሲቀይር አየሁት። ለእነርሱም የማይገድል ሰጣቸው፤ ሰማያዊዎቹን በጠመንጃቸው ተዋቸው፣ እነርሱን ጀርባ ለመጠበቅ ብቻ ሊያቆማቸው ነው። ይሠራል አይሠራም ገና አልሞከረውም።